ዘንድሮስ! ከግትር ግብ የልብ ሐሳብ ይበልጣል



ጳጉሜ ሲገባ የከተማው ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ ይይዛል። ምንጣፉ ይራገፋል፤ መጋረጃው ይታጠባል፤ ክረምቱን ሙሉ ጥግ ይዞ የከረመው የተሰበረ ወንበር ወይ ይጠገናል ወይ ይወጣል። ልጆች ለእንቁጣጣሽ የሚሰጡትን አበባ መሳል ይጀምራሉ። በዚህ መካከል ከትልልቆቹ አፍ የማትጠፋ አንዲት ቃል አለች፤ «ዘንድሮስ!» የምትል። «ዘንድሮስ መጠጥ የሚባል አልቀምስም»፣ «ዘንድሮስ በየወሩ 2,000 ብር አስቀምጣለሁ»፣ «ዘንድሮስ ልጆቹ ላይ አልጮህም»፣ «ዘንድሮስ ከኪራይ ቤት መውጣት አለብን» እንባባላለን።

ከዚያም መስከረም 1 ቀን ይመጣል። ችቦው በርቷል፤ እንግጫው ተጎዝጉዟል፤ ልጆቹ ዘፍነዋል። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ያ ሁሉ ቃል ኪዳን መስቀልን እንኳ በቅጡ ሳይሻገር ይቀራል። ባል ከጓደኞቹ ጋር አመሸ፤ ሚስት የቁጠባውን ገንዘብ ለልጆች ዩኒፎርም አወጣችው፤ ሁለቱም አንድ ማታ በጩኸት አደሩ። ኅዳር ሲገባ «ዘንድሮስ» የምትለዋን ቃል የሚያነሣት ሰው የለም። ቢያነሣትም ለነቀፌታ ነው፤ «አንተ ደግሞ! በእንቁጣጣሽ ምን ብለህ ነበር?» ለማለት ያህል።

ለመሆኑ ይህ የሚሆነው ሰው ሁሉ ሰነፍ ስለሆነ ነውን? አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከሰውየው ሳይሆን ዓላማው ከተያዘበት መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ በግትር ግብና በልብ ሐሳብ መካከል ያለውን ልዩነት፣ ባልና ሚስትም አዲሱን ጅምር እንዴት አድርገው አብረው ሊይዙት እንደሚችሉ እንመለከታለን።

አዲስ ጅምር ለምን ያነሣሣናል?

ጊዜ በሰው ልቦና ውስጥ ምዕራፍ ምዕራፍ እየሆነ ይከፈላል። በአሜሪካ ሦስት ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንዳመለከተው፣ ሰዎች ወደ ስፖርት ማዘውተሪያ ቤት የሚሄዱትና ስለ አመጋገብ የሚጠይቁት በሳምንት፣ በወርና በዓመት መጀመሪያ ላይ በይበልጥ ነው። ያለፈው ስሕተት ባለፈው ምዕራፍ የተዘጋ መስሎ ስለሚታይ ልብ ይቀላል።

ለእኛ ደግሞ ይህ ስሜት እጥፍ ነው። ዘመን የሚለወጠው ካሌንደሩ ስለተገለበጠ ብቻ አይደለም። ዝናቡ ይቆማል፤ ጭቃው ይደርቃል፤ አደይ አበባ ሜዳውን ይሞላዋል፤ ትምህርት ቤት ይከፈታል። አገሩ ሁሉ አብሮን የሚጀምር ይመስላል።

ነገር ግን አንድ ልብ የማንለው ነገር አለ። መስከረም ልብ የሚሞላበት ወር የሆነውን ያህል ኪስ የሚራቆትበት ወርም ነው። የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ደብተሩ፣ ጫማው፣ የበዓሉ ዶሮና ቅቤ፣ ከዚያም ከሁለት ሳምንት በኋላ መስቀል ይከተላል። ስለዚህ «ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ 2,000 ብር» ብሎ የማለ ቤተሰብ ፈተናውን የጀመረው በዓመቱ እጅግ ከባድ በሆነው ወር ነው። በመጀመሪያው ወር ሲያቅተው «እኛ ቁጠባ አይሆንልንም» ብሎ ይደመድማል። የከበደው ወሩ ሆኖ ሳለ ፍርዱ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል።

ግትር ግብ ለምን ይሰበራል?

1ኛ. መካከል የለውም። ግትር ግብ ወይ ይሞላል፣ ወይ ይጎድላል። በየወሩ 2,000 ብር ለማስቀመጥ የወሰኑ ባልና ሚስት ጥቅምት ላይ ልጅ ታሞባቸው 1,400 ብር ብቻ ቢያስቀምጡ፣ በግቡ ሚዛን ወድቀዋል ማለት ነው። ዓምና በዚያው ወር ምንም እንዳልነበራቸው ማንም አያስታውስም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ነው፤ «አንዴ ከተገደፈ ወዲያ ምን ቀረ!» የሚለው። በአንድ ብርጭቆ ቃሉን ያፈረሰ ሰው ያን ማታ በአንድ ብርጭቆ አያቆምም። በአመጋገብና በሱስ ላይ የሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ጠባይ ደጋግመው አይተውታል፤ ከመጀመሪያው ስሕተት ይልቅ የሚጎዳው «በቃ ተበላሸ» ብሎ መልቀቁ ነው።

2ኛ. ውጤቱ በእጃችን ላይሆን ይችላል። «በዚህ ዓመት ደመወዜ ይጨመራል» ብሎ ግብ ማውጣት የአሠሪን ፈቃድ በራስ ዕቅድ ውስጥ መጻፍ ነው። የቤት ኪራይ፣ የገበያ ዋጋ፣ ሕመም፣ ከገጠር የሚመጣ ዘመድ እኛን አያማክሩም።

3ኛ. «አላደርግም» ብቻ ይላል። በስዊድን በ2017 እ.ኤ.አ. መባቻ በ1,066 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። ከዓመት በኋላ ሰዎቹ ሲጠየቁ፣ «ይህን አደርጋለሁ» ብለው ከጀመሩት ከመቶ 59 ያህሉ ተሳክቶልናል ሲሉ፣ «ይህን እተዋለሁ» ብለው ከጀመሩት ግን እንዲህ ያሉት ከመቶ 47 ያህሉ ናቸው። ምክንያቱን ከቤታችን ማየት እንችላለን። «አላመሽም» ያለ ሰው ከሥራ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ገና አላወቀም። «እራት ከልጆቼ ጋር እበላለሁ» ያለ ሰው ግን መንገዱን ያውቀዋል።

4ኛ. አንዱ ለሌላው ያወጣዋል። ብዙ የአዲስ ዓመት ዕቅድ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው የሚወርድ ኮታ ነው። ባል ለሚስት የወጪ ጣሪያ ይቆርጣል፤ ሚስት ለባል የመግቢያ ሰዓት ትወስናለች። ኮታ የተጣለበት ሰው ቢሞላው ምስጋና የለውም፤ ቢያጎድል ግን ክስ አለበት። እንዲህ ባለ ቤት ዕቅዱ ራሱ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

የልብ ሐሳብስ ምንድን ነው?

የልብ ሐሳብ የምንለው «ምን ዓይነት ባል፣ ምን ዓይነት ሚስት፣ ምን ዓይነት ወላጅ ሆኜ መኖር እፈልጋለሁ?» ለሚለው ጥያቄ ራሳችን የምንሰጠውን መልስ ነው። ግብ መድረሻውን ይናገራል፤ የልብ ሐሳብ አካሄዱን ይናገራል። መድረሻው ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ በአካሄዱ ግን ዛሬውኑ መሄድ ይቻላል።

ጥቂት ምሳሌዎች እንመልከት። «በየወሩ 2,000 ብር» ከማለት «ገንዘባችንን አብረን እያየን የምናወጣ ሰዎች እንሁን» ማለት ይቻላል። «ልጆቹ ላይ አልጮህም» ከማለት «ልጆቹ ሲያጠፉ ቀርቤ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ላነጋግር» ማለት ይቻላል። «10 ኪሎ እቀንሳለሁ» ከማለት «ሰውነቴን ላንቀሳቅስ፤ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ከታክሲ እየወረድኩ በእግሬ ልግባ» ማለት ይቻላል። እነዚህ ሐሳቦች አንድ ቀን ቢጓደሉ አይፈርሱም። በማግሥቱ ያው ሐሳብ እዚያው ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ የልብ ሐሳብ ማለት እንዲያው ምኞት ማለት አይደለም። ምኞትማ ማንም አይከለከልም። ልዩነቱ ሐሳቡ እግር የሚያወጣበት ጊዜና ቦታ ያለው መሆኑ ነው። የጀርመን ተወላጅ የሆኑት የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ «ይህን ላደርግ አስባለሁ» ብሎ ከማለት ይልቅ «ይህ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ መወሰን ሐሳብን ወደ ተግባር ለማምጣት ብዙ ይረዳል። ለምሳሌ «ትዕግሥተኛ እሆናለሁ» ከማለት «ንዴቴ ሲመጣ መጀመሪያ ወጥቼ ውኃ እጠጣለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ እናገራለሁ» ማለት ይሻላል።

ባልና ሚስት እንዴት ይጀምሩ?

በመጀመሪያ፣ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ስልኩም ወደ ጎን ተቀምጦ ቢሆን መልካም ነው። ስለ ጎደለው ከመናገራችሁ በፊት ባለፈው ዓመት ስለ ተሳካው ተነጋገሩ። ቀጥሎም እያንዳንዳችሁ ስለ ራሳችሁ እንጂ ስለ ሌላው አትናገሩ። ጨዋታው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሥራ ቦታ ያናደደኝን ሁሉ እናንተ ላይ ነው የማወርደው። ዘንድሮ ፊቴን አጥቁሬ እቤት መግባት አልፈልግም» ይላል ባል።

«እኔም ገንዘብ በተነሣ ቁጥር ሳልሰማህ እቆጣለሁ። እስክትጨርስ ልሰማህ እፈልጋለሁ» ትላለች ሚስት።

ልብ በሉ፤ አንዱ ለሌላው ያወጣው ኮታ የለም። ሁለቱም የየራሳቸውን ሸክም ነው ያነሡት። የራሱን ሸክም ያነሣን ሰው ማገዝ ደግሞ አይከብድም።

ሁለተኛ፣ አንድ ወይም ሁለት ሐሳብ ብቻ ያዙ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ቁጠባውንም፣ ስፖርቱንም፣ የማታ ትምህርቱንም፣ ቤት መሥራቱንም በአንድ መስከረም መጀመር ሁሉንም ማጣት ነው።

ሦስተኛ፣ ሐሳቡን ከለመዳችሁት ነገር ጋር አያይዙት። እሑድ እሑድ ቡና የሚፈላበት ቤት ከሆነ፣ የሳምንቱ ወጪ በሁለተኛው ስኒ ላይ ይታይ። ማታ ማታ በር የሚቆልፈው ባል ከሆነ፣ በሩን ሲቆልፍ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ። አዲሱ ልማድ በአሮጌው ትከሻ ላይ ሲቀመጥ በቀላሉ አይረሳም።

አራተኛ፣ ቁጥር ካስፈለገ እንደ መንገድ ምልክት ይሁን። «ከቻልን 2,000፣ ከከበደን 500፣ ግን አንድም ወር ባዶውን አይለፍ» ያሉ ባልና ሚስት መስከረምንም ጥቅምትንም ይሻገራሉ። ለእነርሱ ዋናው ነገር የማስቀመጥ ልማዱ አለመቋረጡ ነው።

አምስተኛ፣ በየወሩ ባተ ተመልከቱት። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ምን ሆነልን? ምን ከበደን? ምን እናሻሽል? ይህ ስብሰባ የክስ ችሎት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ሐሳቡ ከኑሯችን ጋር አልገጥም ካለም ሐሳቡን መለወጥ ነውር አይደለም።

ልማድ ለመሆን ስንት ቀን ይፈጃል?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ግን እስከ መቼ? በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተደረገና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 96 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። እያንዳንዳቸው ከምሳ ጋር ፍሬ እንደ መብላት ያለ አንድ ቀላል ነገር በየቀኑ እንዲያደርጉ ተደረገ። ነገሩ ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን የፈጀው ጊዜ በአማካይ 66 ቀን ነበር። ሆኖም ከሰው ሰው ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ግምቱ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይደርሳል።

ይህን በእኛ ካሌንደር እንቁጠረው። መስከረም 1 ቀን የጀመረ ሰው 18ኛው ቀኑ የመስቀል ማግሥት ነው። 66ኛው ቀን ኅዳር 6 ነው። 254ኛው ቀን ደግሞ ግንቦት 14 ነው። እንግዲህ በመስቀል ሰሞን «አልሆነልኝም» ብሎ የተወ ሰው ዘሩን ከዘራ በሁለተኛው ሳምንት ማሳውን ጥሎ እንደ ሄደ ገበሬ ነው። ከዚህ ጥናት የምናገኘው ሌላም መጽናኛ አለ። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰው ታይቷል።

ቁርጥ ቀን የሚያስፈልጋቸው ነገሮች

እስካሁን ስለ መለሳለስ ተናግረናል። ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር በልብ ሐሳብ ብቻ ይተዳደራል ማለት አይደለም። የእቁብ መክፈያ ቀን የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ያለበት ነውና ቁርጥ ነው። የሕፃናት ክትባትም የራሱ ቀን አለው። ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው «ደኅና ነኝ» ብሎ በገዛ ፈቃዱ ማቋረጥ የለበትም። መጠጥ ሱስ የሆነበት ሰውም በፉከራ ብቻ በአንድ ቀን ማቆም ለጤናው አደገኛ ሊሆንበት ስለሚችል ሐኪም ያማክር።

የወሊድ መቆጣጠሪያም ከእነዚህ ወገን ነው። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ቀኑ ተጽፎ ሁለታችሁም በምታዩት ቦታ ይለጠፍ። በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን የታወቀ ሰዓት ይኑረው። ቢሆንም እዚህም ላይ «አንዴ ከተገደፈ ወዲያ» የሚለው ሐሳብ ትልቅ ጉዳት ያመጣል። አንድ ቀን ረስታ በተስፋ መቁረጥ እሽጉን በሙሉ የተወች እናት ሳትፈልግ ልታረግዝ ትችላለች። የተለመደውን ሁለት ሆርሞን የያዘ ኪኒን የምትወስድ ሴት አንድ ፍሬ ብትረሳ፣ እንዳስታወሰች ትዋጠው፤ የሚቀጥለውንም በተለመደው ሰዓት ትውሰድ። ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከተረሳ፣ ኪኒኑን ወዲያውኑ እንደገና ጀምሮ ለ7 ቀን ኮንዶም መጨመር ያስፈልጋል። ለምታጠባ እናት የሚሰጠው አንድ ሆርሞን ብቻ የያዘው ኪኒን ግን በሰዓቱ ይበልጥ ጥብቅ ነው። የመርፌው ቀን ቢያልፍም አፍሮ ከመቅረት ፈጥኖ ወደ ክሊኒክ መምጣት ይሻላል።

ስለ ልጅ ስናስብ

የግትር ግብ ጉዳት ከሁሉ በላይ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። «ዘንድሮ ልጅ መውለድ አለብን» የሚል ቃል በየወሩ ሚስትን ፈተና ላይ ያስቀምጣታል። ወር በመጣ ቁጥር ቤቱ ሐዘን ይገባዋል፤ አማት ታጉረመርማለች፤ ባልም ዝም ይላል። እውነቱ ግን ጤነኛ ባልና ሚስትም ብዙ ወራት ሊቆዩ መቻላቸው ነው። ያለ መቆጣጠሪያ ዓመት ሙሉ አብረው ቆይተው እርግዝና ካልመጣ ሁለቱም ይመርመሩ፤ ሚስት 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ይበቃል። «ሁለቱም» ያልነው ምክንያቱ ከባልም ከሚስትም ወገን ሊሆን ስለሚችል ነው። እንዲሁም «ወንድ ልጅ ካልተወለደ» የሚል ኮታ ያለበት ቤት ካለ ይህን ይወቅ። የጽንሱን ጾታ የሚለየው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው፤ እርሱም ቢሆን መርጦ አይሰጥም።

የልብ ሐሳቡ እንዲህ ቢሆንስ? «የምንወልደውን ልጅ ተዘጋጅተን እንቀበል፤ ያሉንም በቅጡ ይደጉ፤ እናቲቱም ታገግም።» ከዚህ ሐሳብ ተግባሩ ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው፣ ከወሊድ በኋላ እንደገና ለማርገዝ ከመሞከር በፊት ቢያንስ 24 ወራት መቆየት ለእናትም ለሕፃንም ጤና ይበጃል። ውርጃ ካጋጠመም ቢያንስ ስድስት ወር መታገሥ ይመከራል። ሐሳባችሁ ከጊዜ በኋላ ቢለወጥ መንገዱ አይዘጋም። በክንድ የሚቀበረውም ሆነ በማሕፀን የሚቀመጠው መቆጣጠሪያ በፈለጋችሁ ጊዜ ይወጣል። መርፌውን ያቆመች ሴት ግን ለማርገዝ ጥቂት ወራት ልትዘገይ ስለምትችል ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ስትሰናከሉ

ውድ ባለትዳሮች፣ የያዛችሁት ሐሳብ ከነገ ወዲያ ሊጓደል ይችላል። ያን ጊዜ እርስ በርሳችሁ የምትባባሉት ቃል ከሐሳቡ ይልቅ ትዳራችሁን ይሠራዋል ወይም ያፈርሰዋል። «ድሮም አውቀው ነበር!» የሚለው ቃል ለሁለተኛ ጊዜ የመሞከርን ፍላጎት ይገድላል። «ዛሬ ከበደህ፤ ነገ እናየዋለን» የሚለው ቃል ግን በር ክፍት ያደርጋል።

ደግሞም መጀመሪያ የሚሆን ቀን አናጣም። መስከረም ቢያልፍ ጥቅምት 1 አለ። ገና አለ፤ ፋሲካ አለ፤ ረመዳን አለ፤ ዒድ አለ፤ የተጋባችሁበት ቀን አለ። ሰኞማ በየሳምንቱ ይመጣል። እንቁጣጣሽ የተሰጠን በዓመት አንድ ጊዜ እንድንጀምርና በዓመት አንድ ጊዜ እንድንወድቅ አይደለም።

እንግዲህ ዘንድሮ ጳጉሜ ሲገባ፣ መጋረጃው ታጥቦ ሲሰቀል፣ ሁለታችሁም ለጥቂት ጊዜ ቁጭ በሉ። ወረቀት ላይ ቁጥር ከመደርደራችሁ በፊት «እኔ ዘንድሮ እንዴት ያለ ሰው ልሁንልሽ?»፣ «እኔስ እንዴት ያለች ልሁንልህ?» ተባባሉ። መልሱ ከልብ ከሆነ ቁጥሩ ኋላ ይደርሳል።

አዲሱ ዘመን የጤናና የፍቅር ይሁንላችሁ!